አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ

በሃያ ሺህ ሰው ፊት፣ ሁለት ቡድኖች ተሰልፈው ቆመው፣ የማዕድኑ ማርሽ ባንድ የእንግዶቹን ብሔራዊ መዝሙር መሃሉ ላይ ቆርጦ የጣለው በእኔ ጥፋት ነው። ጋዜጣው በነፋሱ አመካኘ። አባቴ በቱባ ነፊው በባ ካፓምፓ ሳንባ አመካኘ። እናቴ ደግሞ በአክስቴ በካባሶ አመካኘች፤ ከሁሉም ወደ እውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቢጠይቁኝ ኖሮ ደረቴን ነፍቼ አምን ነበር። ያን ቀን ዛምቢያን ከሰላይ ያዳንኳት መስሎኝ ነበርና።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። አባቴ፣ ባታታ የምንለው፣ የካፉሉ ማዕድን ፖሊሶች ማርሽ ባንድ አለቃ ነበር። ደብዳቤው ከዋና ከተማ መጣ። ታንዛኒያዎች ለወዳጅነት ጨዋታ በእኛ ስታዲየም ይገኛሉ፤ ባንዱ መጀመሪያ የእንግዶቹን፣ ቀጥሎ የአገራችንን መዝሙር ይነፋል፤ ለልምምድ ሦስት ሳምንት ተሰጥቷል። ባታታ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው። ከዚያ ተቀምጦ አነበበው። ከዚያ ሳቀ።

«አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ንፋ ብለውኛል» አለ ለእናቴ።

የእኛና የታንዛኒያ መዝሙር ዜማው አንድ ነው። ከደቡብ በኩል፣ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የመጣ ነው፤ ነፃነት ሲመጣ እነሱም ወሰዱት፣ እኛም ወሰድነው፣ ግጥሙን ሁሉም በየቤቱ ጻፈ። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ከበር ጀርባ ሆኜ የሰማሁት ሌላ ነበር።

«ከማን ነው የወሰዱት?» አለች እናቴ።

«ወሰዱት ነው እንጂ፣ ከማን ብሎ ማን ይጠይቃል?»

ለስምንት ዓመት ልጅ ይህ በቂዋ ነው። ታንዛኒያዎች መዝሙራችንን ሰርቀዋል። አልበቃ ብሏቸው እዚሁ አገራችን ድረስ መጥተው ሊዘምሩት ነው።

የባንዱ አዳራሽ ጣሪያ እየተቀየረ ስለነበር ልምምዱ እኛ ግቢ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የማዕድኑ ጡሩምባ ሲጮህ አሥራ አራት ሰዎች መሣሪያቸውን ተሸክመው እየመጡ ማንጎው ሥር ይቀመጣሉ። የትራምፔቶቹ ጫፍ ምራቅ ምራቅ ይሸታል። ግዙፉ ባ ካፓምፓ ቱባውን፣ ያን ትልቁን የነሐስ ጡሩምባ፣ አቅፎ ለብቻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ከእሱ ጎን ሰው መቀመጥ አይችልም፤ አንድም ቦታ የለም፣ አንድም ጆሮ አይተርፍም።

የመጀመሪያው ቀን አንዱ ትራምፔት ነፊ እጁን አወጣ።

«አለቃ፣ አንዴ ብንነፋውና ሁለቱም ቢዘምሩበት ምን አለበት?»

«አንድ ሸሚዝ ሁለት ሰው ይለብሰዋል እንዴ?» አለ ባታታ ተቆጥቶ።

«እኔና ወንድሜ እንለብሳለን፣ አለቃ። ዛሬ የእኔ ተራ ነው።»

ባንዱ በሙሉ ሸሚዙን እያየ ሳቀ። ባታታ ግን አልሳቀም። በማግስቱ መፍትሔ ይዞ መጣ። የእንግዶቹን ቀስ ብለን፣ የእኛን ፈጠን አድርገን እንነፋለን፤ ሰው በፍጥነቱ ይለየዋል፤ አለ።

«የእነሱ ለምን ቀስ ይላል?» አለ ያው ባለሸሚዙ።

«እንግዳ ከመንገድ ነው የሚመጣው። ደክሞት ነው።»

ችግሩ ግን ከባንዱ አልፎ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። ካፉሉ ውስጥ መዝሙር ሲሰማ ሰው ባለበት ይቆማል። ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ስንዘምር የተንቀሳቀሰ ልጅ ጆሮው ይጠመዘዛል፤ ትልልቆቹም ያው በዚያው ጆሮ ያደጉ ስለሆኑ ከመንገድ ዳር መዝሙር ከሰሙ እንደ ምሰሶ ይተከላሉ። ባታታ ታዲያ በቀን ሃያ ጊዜ ያስነፋል። ባልዲ ራሷ ላይ ያለች ሴት ባልዲዋን እንደተሸከመች ትቆማለች። ብስክሌት የሚጋልብ ሰው አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ዶሮ ያሳድድ የነበረ ልጅ ይቆማል፤ ዶሮዋ ታመልጣለች።

ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው የምዊላ እናት በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ባታታን በእኔ ስም ጠራችው።

«የቾላ አባት! ይሄኛው የማን ነው? የኛ ነው የእነሱ?»

«የእነሱ ነው!»

«ተመስገን! ልሂድ እንግዲህ፣ ካፔንታ ዓሣዬ አረረ!»

«ለእንግዳም መቆም ጨዋነት ነው፣ እማወራ!»

«ጨዋነቱን ከንሺማ ገንፎዬ ጋር ልብላው?»

የተጠበሰ ዓሣዋ ሲያር ሽታው እኛ ግቢ ድረስ መጣ። በማግስቱ ባታታ አረንጓዴውን የትምህርት ቤት ሹራቤን ወሰደና የእኛ መዝሙር ሲሆን አጥሩ ላይ መስቀል፣ የእነሱ ሲሆን ማውረድ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ የእኔን ሹራብ እያየ ቆመ፣ ተቀመጠ። ሹራብ በማይታይበት በኩል ያሉት ደግሞ ፍጥነቱን ማዳመጥ ለመዱ። ቀስ ካለ ሥራህን ቀጥል፤ ከፈጠነ ቁም። እኔ በበኩሌ ትምህርት ቤት ያለ ሹራብ እየሄድኩ ተቀጣሁ፤ ለአገሬ የከፈልኩት የመጀመሪያው መሥዋዕትነት ነው ብዬ ቻልኩት።

አሁን ወደ ሰላይዋ።

አክስቴ ካባሶ የባታታ ታናሽ እህት ናት። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የሚድራትም እሱ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መዳቡ ፉርጎ ላይ በሚጫንበት ግቢ፣ ቢሮ ውስጥ ታይፕ ትመታለች። የምትተኛው ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ነበር። ጣቶቿ ተኝታም ብርድ ልብሱ ላይ ይጽፋሉ።

ዘመኑ የሰላይ ወሬ የበዛበት ነበር። ድልድዩ ላይ ወታደር ቆሞ ነበር፤ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ጆሮው እንደ ጎመን ቅጠል የሰፋ ሰውዬ ተስሎ ነበር። የሥዕሉን ትርጉም ስጠይቅ ነርሷ «ሰላይ ከሌላው ሰው ምኑም አይለይም። አብሮሽ ይበላል፣ አብሮሽ ይተኛል» አለችኝ። ቤት ስመለስ አብራኝ የምትተኛዋን ሰው በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ካባሶ ሐሙስ ሐሙስ ታመሻለች። ሐሙስ ደግሞ የታንዛኒያ ባቡር ሠራተኞች መዳቡን ለመረከብ ወደ ግቢው የሚመጡበት ቀን ነው። ስትመለስ ኪሷ ውስጥ እንደ ጣት ጥፍር የጎበጠ ነጭ ፍሬ ይኖራል። አንድ ቀን አቀመሰችኝ። ቅቤ ቅቤ ይላል፤ በእኛ አገር የትም አይቼው የማላውቀው ነገር። «ከየት ነው?» ስላት «ከባሕር ዳርቻ» አለችና አፏን ያዘች። ከዚያ ፍራሿ ሥር ደብተር አገኘሁ። በአንዱ መስመር የእኛ መዝሙር ተጽፏል፤ ከሥሩ ባለው መስመር የማላውቃቸው ቃላት ተጽፈዋል፤ እንዲያ እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ልብሷን ስትተኩስ ዜማውን ታንጎራጉርና ቃላቶቹን ከንፈሯ ላይ እያደረገች እኔን ስታይ ቶሎ ትውጣቸዋለች።

ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። መዝሙራችን የተሰረቀው በዚህ በኩል ነው፤ በቁራጭ በቁራጭ፣ ሐሙስ ሐሙስ።

ዛሬ የማውቀው እንዲህ ነው። ፌስቶ የሚባለው ያ የባቡር ሰው የቋንቋ ማስተማሪያ መጽሐፍ አልነበረውም። «ዜማውን ካወቅሽው ግማሽ መንገድ ሄደሻል» ብሏት በመዝሙሩ ጀመረላት። የእኛን መስመር ከላይ፣ የእነሱን ከታች። ዓመት ሙሉ ተምራም ስዋሂሊዋ መዝሙሩ ብቻ ነበር፤ እሷ ራሷ ነግራኛለች። መጀመሪያ ታንዛኒያ የሄደች ጊዜ ገበያ ወጥታ ቲማቲም ልትገዛ ብትል አፏ ላይ የሚመጣው እግዚአብሔር መሪዎቻችንን ይባርክ ብቻ ሆነ። ነጋዴዋ «አሜን» ብላ አንድ ጨመረችላት።

በዚያው ሰሞን ቁም ሳጥናችን ላይ ሁለት ሳህኖች አንዱ በአንዱ ላይ ተደፍተው ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ይዘዋቸው መጥተው በሁለት እጃቸው ሰጥተው ሄዱ። ለውዝ ነው ብዬ ስከፍተው አንድ ክር ዶቃና ጥቂት ሳንቲም ሆኖ አገኘሁት። እናቴ እጄን በማማሰያ መታችኝ።

«ይህ ያንቺ አይደለም! አክስትሽ ስትፈልግ ታነሣዋለች።»

ካባሶ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በሳህኑ አጠገብ ስታልፍ ጅራቱ የሚናደፍ ነገር ያለበት ይመስል ዞር ብላ ታልፋለች። እኔም የገባኝ ገባኝ። የሰላይነት ደመወዟ ነው፤ እንዳይታወቅባት ነው የማትነካው።

የባ ካፓምፓ የማጫ ሳህን እንደነበር፣ ካነሣችውም እሺ ማለቷ እንደነበር የተረዳሁት ሌላ ዘመድ ሲዳር ነው። ጎረቤት ያለው የማዕድን ባንድ ባ ካፓምፓን ቤትና ብስክሌት እንሰጥሃለን እያለ ያባብለው ነበር። ቱባ እንደ እሱ የሚነፋ ሰው በየመንገዱ አይገኝም። ባታታ ደግሞ ቤትም ብስክሌትም አልነበረውም፤ እህት ግን ነበረችው።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው እንግዲህ ጉዳዬን ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ የመረጥኩት ባ ካፓምፓን። ፖሊስ ነው፤ ፊሽካ አለው፤ ሆዱም የመንግሥት ሆድ ይመስላል። ልምምድ ሲያልቅ ቱባውን በጨርቅ እየወለወለ አገኘሁት።

«ባ ካፓምፓ፣ እርስዎ ሰላይ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?»

«እቀመጥበታለሁ» አለ።

«እውነቴን ነው። እኛ ሰፈር ሰላይ አለች። የስታዲየሙ ቀን መዝሙራችንን በሌላ ቃል ትዘምራለች።»

ቱባውን አስቀምጦ በጣም ቁም ነገር አስመስሎ አየኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ልጅ አይንቅም። «ስሚ ቾላ፣ ፖሊስ ያለ ማስረጃ አይዝም። ስትዘምር ስታያት እጅሽን ቀጥ አድርገሽ ጠቁሚኝ። እኔ ከቱባው በላይ በአንድ ዓይኔ አይሻለሁ።»

«በመዝሙር መሃል? መንቀሳቀስ ክልክል ነው እኮ!»

«ለአገር ጉዳይ ተፈቅዶልሻል» አለና ወፍራም ጣቱን አንሥቶ ማለልኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከማቅለጫው የሚመጣው የድኝ ጭስ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ከበሩ ጀምሮ ብርቱካን፣ በዘይት የተጠበሰ የቪቱምቡዋ ሊጥ፣ የሰው ላብ ይሸታል። የባንዱ ቤተሰቦች ከሜዳው ጠርዝ፣ ከባንዱ ፊት ለፊት ተቀመጥን። የካፉሉ ሰፈር በሙሉ ከኋላችን ነው። ካባሶ ከእኔ ጎን ናት፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፊቷን ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ቀኙ ግብ ጀርባ አዙራለች። እዚያ ስልሳ የሚሆኑ የባቡር ሠራተኞች ከነባርኔጣቸው ተደርድረው ቆመዋል።

«ምን ታያለሽ?» አልኳት እንደ መርማሪ።

«ደመና» አለች። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም። ጻፍኩት፤ በልቤ።

ቡድኖቹ ተሰለፉ። ሁሉም ተነሣ። ባታታ ነጭ ጓንቱን ከፍ አደረገና አወረደው፤ የእንግዶቹ መዝሙር ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው መንገደኛ፣ ጀመረ። የእኛ ሰዎች ጸጥ ብለው ቆሙ። የግቡ ጀርባ ሰዎች መዘመር ጀመሩ፤ ግን ባታታን አልጠበቁትም፤ እነሱ በለመዱት ፍጥነት ሄዱ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ባንዱ ገና የመጀመሪያውን እየጎተተ ነበር።

ያኔ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ቃል ሆነ። ካባሶ ልብስ ስትተኩስ የምትውጣቸውን ቃላት አልዋጠቻቸውም። አገጯን አንሥታ፣ የግቡን ጀርባ እያየች፣ በሙሉ ድምጿ ትዘምራለች። እናቴ ክርኗን ሳበቻት። ካባሶ ክርኗን አስለቅቃ ቀጠለች። ሃያ ሺህ ዛምቢያዊ ዝም ባለበት አንዲት ዛምቢያዊት።

እኔ መንቀሳቀስ ፈራሁ። ጆሮዬ ገና ሳይጠመዘዝ አመመኝ። ግን ቃል ገብቻለሁ። እጄን ቀጥ አድርጌ ዘረጋሁና፣ መጠቆም ብቻውን እንደማይበቃ ስለተሰማኝ፣ ጮህኩ።

«ባ ካፓምፓ! ሰላይዋ ይቻትና! አክስቴ ናት!»

የባ ካፓምፓ አንድ ዓይን ከቱባው ጠርዝ በላይ ወጣ። ጣቴን ተከትሎ ካባሶ ላይ አረፈ። የካባሶን ዓይን ተከትሎ ደግሞ ግቡ ጀርባ ደረሰ፤ እዚያ አንድ ቀጭን የባቡር ሰው ባርኔጣውን አውልቆ እያውለበለበ ይዘምራል። ቱባው ጡት እንደተነጠቀ ጥጃ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ።

ባንድ ያለ ቱባ መሠረቱ እንደተነሣ ቤት ነው። ትሮምቦኖቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ። ክላርኔቱ ብቻውን ጥቂት ሮጠና አፍሮ ተቀመጠ። ባለሸሚዙ ትራምፔት አንዲት ድምፅ አውጥቶ «ይቅርታ» አለ። መጨረሻ ላይ ጸናጽሉ ብቻውን ተጋጨ። የባታታ ነጭ ጓንት አየር ላይ ቀረ።

የባቡር ሰዎቹ ግን አላቆሙም። ባንዱ ሲቀራቸው እንዲያውም እፎይ ብለው ፈጠን አሉ። ይህኔ ነው የካፉሉ ሰፈር ስህተቱን የሠራው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተምረናል፤ ቀስ ካለ የእነሱ፣ ከፈጠነ የእኛ። ከኋላዬ የምዊላ እናት «ፈጠነ! የኛ ጀመረ!» ስትል ሰማሁና በዚያ ባልዲ በሚያንቃጭል ድምጿ የእኛን ግጥም ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሰፈሩ ተከተላት። ሰፈሩን ስታዲየሙ ተከተለው። ሃያ ሺህ ሰው በሁለት ቋንቋ አንድ ዜማ ዘመረ። በማግስቱ ጋዜጣው «የሁለት ወንድማማች ሕዝቦች ልብ የሚነካ አንድነት» ብሎ ጻፈ። ልብ የነካው ነገር የለም። ተራው የማን እንደሆነ ስላላወቁ ነው።

ዳኛው ሁለቱም መዝሙሮች አልቀዋል ብሎ ጨዋታውን አስጀመረ። አንድ እኩል ወጡ። ግቦቹን አላየሁም። ባ ካፓምፓ መጥቶ እስኪቀመጥባት እየጠበቅሁ ነበር።

አልመጣም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን መጣ፤ ሳህኑን ካመጡት ሽማግሌ ጋር። እኔ ጠረጴዛው ሥር ለውዝ እየፈለፈልኩ ነበር፤ የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። የባ ካፓምፓ ጫማ ሳሎኑን ሞላው።

«አለቃ፣ ሳህኔን ልወስድ ነው።»

«ተረጋጋ። ገና አልተነጋገርንም» አለ ባታታ። «ልጅ ናት፤ ስሜት ይዟት ነው። ኳስ እኮ ነው።»

«አለቃ፣ እኔን ስታየኝ የምታየው ቱባውን ነው። ያን ሰውዬ ስታየው ግን የምታየው ሰውዬውን ነው። አየሁት፤ አንድ ዓይን ይበቃል።»

ከዚያ ባታታ ዝግ ባለ ድምፅ የሚያስጨንቀውን ጠየቀ።

«ቱባውስ?»

«ቱባው የማዕድኑ ነው፤ እነፋለሁ። ታንዛኒያ ስትመጣ ግን ከአሁኑ ልንገርህ፣ ታምሜአለሁ።»

ሳህኑን ይዞ ወጣ። ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየኝ። «ጥሩ ፖሊስ ይወጣሻል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ምን እንደነበረ ያኔ አልገባኝም፤ ምስጋና መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ኮራሁበት።

ከዚያ ባታታ እህቱ ላይ ዞረ።

«በሃያ ሺህ ሰው ፊት! የሌላ አገር መዝሙር!»

«አንተ አይደለህ እንዴ የነፋኸው፣ ያያ ወንድሜ?» አለች ካባሶ። «ሦስት ሳምንት በቀን ሃያ ጊዜ ስትነፋላቸው ማንም አልተናገረህም። እኔ አንዴ ዘመርኩ።»

«እኔ በደብዳቤ ታዝዤ ነው!»

«እኔ ሳልታዘዝ ነው። ደግሞ አዘግይተህባቸዋል፤ ቀብር አስመሰልከው።»

እናቴ ሳቋን በሳል ቀየረችው። የባታታ እግሮች ወዲያ ወዲህ ሄዱና ቆሙ።

«ያሳደግሁሽ ለዚህ ነው?»

«ያሳደግኸኝ ለእሱ ነው ወይ? ለቱባ ስትል ነው የምትሰጠኝ። ባ ካፓምፓ ክላርኔት ቢነፋ ስሜንም አታነሣለትም ነበር።»

ይህን ጊዜ የባታታ ጫማ ሳህኑ ወደነበረበት ቁም ሳጥን ዞረ። እውነት ስለሆነ ነው፤ እሱም ያውቀዋል፤ ለውዝ የምፈለፍለው እኔ ብቻ አላውቅም።

«ሽማግሌ ያልላከ ሰው ከቤቴ ሴት አይወስድም» አለ በመጨረሻ።

«ማክሰኞ ጠዋት ይመጣሉ። ብትቀበላቸው ደስ ይለኛል፤ ባትቀበላቸውም የማክሰኞው ባቡር አያመልጠኝም። ያሳደገኝ አንተ ነህና ሳትሰማ ልሄድ አልፈለግሁም። ይኸው ሰማህ።»

እኔ የሰማሁት «ማክሰኞ ጠዋት ይመጣሉ» የሚለውን ብቻ ነው። ሊይዟት ነው ማለት ነው። የቀረውን ለውዝ ሳልፈለፍል ተውኩት። ሰላይ መሆኗን እንጂ እንደሚወስዷት አላሰብኩም ነበር። እሷ እስር ቤት ከገባች ማን ጸጉሬን ይሠራልኛል? ሰኞ ዕለት ምግብ አልበላም አልኩ። እናቴ የሆድ ትል ነው ብላ መድኃኒት አጠጣችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት በራችን ላይ የጭነት መኪና ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ሰማያዊ የደንብ ልብስ፣ ነጭ ቁልፍ፣ ጠርዙ የጠነከረ ባርኔጣ። ከኋላቸው ያ ቀጭኑ ሰውዬ መጣ። የፌስቶ ታላቅ ወንድምና የሥራ አለቃው ነበሩ፤ ከዚያ የተሻለ ልብስ ስላልነበራቸው የባቡሩን ለብሰው ነው የመጡት። እኔ ግን ደንብ ልብስ አየሁ፤ በቃኝ። ባታታ አስገባቸው። የሳሎኑ በር ተዘጋ።

ጆሮዬን የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ለጠፍኩት። ወንበር ተንቋቋ። በተሰባበረ ቤምባ፣ በእኛ ቋንቋ፣ ቀስ እያለ የሚናገር ድምፅ ነበር። «በሕጉ መሠረት...» አለ። «ልጅቷን እንድታስረክበን...» አለ። ከዚያ ባታታ ጠየቀ፤

«ከእናንተ መሃል ቱባ የሚነፋ አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«ትራምፔትስ?»

«ወንድሜ ፊሽካ ይነፋል። የባቡር።»

ባታታ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁ።

«ውሰዷት» አለ።

ሮጬ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። ካባሶ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እንዲዘጋላት ትታገላለች። ተንደርድሬ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የነገርኩብሽ!» አልኩ እያለቀስኩ። «ስንት ዓመት ፈረዱብሽ?»

ካባሶ ፊቴን በመዳፏ ጠራረገች። ሻንጣው ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ከሳሎን የወጣውን «ውሰዷት» እሷም ሰምታለች፤ አፏ ሳቅ ለመያዝ ሲታገል አየሁት፤ ያ ደግሞ የተፈረደባት ሰው አፍ አይመስልም ነበር።

«ዕድሜ ልክ» አለችኝ።

ሻንጣዋን አንሥታ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።